«ሳይደግስ አይጣላም»፦ ድግሱ ከጸቡ የሚቀድምበት ተረት

«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።» ከሥራ ለተባረረ፣ አከራዩ ውጣ ላለው፣ ቪዛ ለተከለከለ፣ እጮኛው ለከዳችው፣ ለሁሉም የምትባል ተረት ናት። እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚነሳበት አካባቢ ባለው ኮንዶሚኒየም፣ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ሳትሰማት አትከርምም። ብዙ ጊዜ «ሳይደግስ አይጣላም» ብቻ ተብላ ትቆረጣለች። የሚደግሰው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ላይ ላዩን ትርጉሟ ቀላል ነው። የደረሰብህ መከራ ከኋላው መልካም ነገር ይዟል፣ ስለዚህ አይዞህ። እኔ ግን ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ላይ ያለ ይመስለኛል። ሰውና ሰው ሲጣላ መጀመሪያ ጸቡ ነው የሚመጣው። ከዚያ ኩርፊያው፣ ከዚያ የሽማግሌ ምልልሱ፣ ከዚያ «ይቅር ለእግዜር»፣ ድግስ ካለም በስተመጨረሻ ነው፣ በግ ታርዶ። ተረቷ ይህን ገለበጠችው። እግዜር ከተጣላህ ድግሱ አስቀድሞ ተጀምሯል ትላለች። እስቲ ሊጣላው ላሰበው ሰው ጠላ ጠምቆ የሚጠብቅ ማን አለ?

ድግስ ደግሞ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ጋኑ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል። ቀናት ቆይቶ ብቅሉና ቂጣው ይገባል፣ ይደፈደፋል፣ እንደገና ይከደናል፣ ውሃ ተጨምሮበት እስኪጠራ ደግሞ ሌላ ጥበቃ አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጋኑ ጓዳ ነው፤ ሳሎን የተቀመጠ እንግዳ ሽታው ካልነገረው በቀር በዚያ ቤት የሚደገስ ነገር መኖሩን አያውቅም። ለዚህ ነው ተረቷን «ነገ ጠዋት ይፈታልሃል» ብሎ መተርጎም የማይዋጥልኝ። እሷ የምትለው ተጠንስሷል ነው። መቼ እንደሚቀዳ አልተናገረችም።

ይኸው ሕዝብ «እግዜር ሲቆጣ ዱላ አይቆርጥም» የሚልም ነው። ቁጣውን አሳንሶ አያይም ማለት ነው። መከራውም መከራ ነው፣ ድግሱም ድግስ ነው።

ከመጽሐፍ ቅዱስ የዚህች ተረት ባለቤት ማነው ብትሉኝ ዮሴፍ እላለሁ። በ17 ዓመቱ ወንድሞቹ ጉድጓድ ጣሉትና እነሱ እንጀራ ሊበሉ ተቀመጡ፣ ዘፍጥረት 37 ላይ አለ። ከዚያ በ20 ብር ሸጡት። ባርነት፣ የሐሰት ክስ፣ እስር ቤት፣ የረሳው የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ፣ ፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ ነበር። ልብ በሉ፣ 13 ዓመት ነው! በመጨረሻ ረሃቡ ሲመጣ እነዚያው ወንድሞቹ ግብጽ ወርደው እሱ ቤት ገበታ ላይ ቀረቡ። «እናንተ ክፉ አሰባችሁብኝ፣ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው» ያለው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው፣ ያለውም ራሱ ነው። ወንድሞቹ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሆነው፣ እንጀራቸውን እየጎረሱ፣ «አይዞህ ዮስፌ፣ ሳይደግስ አይጣላም» ቢሉት ምን ይባል ነበር?

እኛ ግን እንደዚያ የምናደርግበት ጊዜ አለ። እኛ ብሎክ ላይ ስቱዲዮ ተከራይታ የምትኖር ሁለት ልጅ የምታሳድግ ሴት ነበረች። አከራይዋ ቤቱን ሸጥኩት፣ በአንድ ወር ልቀቂ አላት፣ እዚያው ሰሞን ደግሞ የምትሠራበት ቤት ሠራተኛ ቀነሰ። ግራ ገብቷት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሳለ ከላይ የወረዱ ሴትዮ፣ ፌስታላቸውን እንዳንጠለጠሉ፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሳይደግስ አይጣላም» ብለዋት አለፉ። እሷም ቀና ብላ «እማማ፣ ድግሱ መቼ ነው? እኔ እኮ ለማታ ሽሮም የለኝ» አለቻቸው። ደነገጡ። ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ ተመለሱ፣ ፌስታሉን አስቀምጠው አጠገቧ ተቀመጡ። የዚያን ቀን ሽሮው ከእሳቸው ቤት መጣ። ወዲያው ነገሩ እድሩ ጋ ደረሰ፣ የእድሩ ሴቶች ኮሙናሉ ውስጥ እንጀራ እንድትጋግር ምጣድ አዋሷት፣ ቤትም ራቅ ብሎ ገላን በኩል ተገኘላት። ሀብታም አልሆነችም፣ ኪራዩም አሁን ድረስ ያንገዳግዳታል። ግን ደንበኛ አላት።

መቼም ድግስ ለብቻ አይደገስም። ድንኳኑ የእድር ነው፣ ብረት ድስቱ የጎረቤት፣ ሽንኩርት የሚልጡት የሰፈር ሴቶች፣ እንጨት የሚፈልጠው ያልተጠራ ጎረምሳ። ተረቷን ለሌላ ሰው የምትናገር ከሆነ ከሚልጡትና ከሚፈልጡት አንዱ ለመሆን ብትዘጋጅ ጥሩ ነው። ካልሆነ ቃሏ እውነት ሆና ሳለ አፍህ ላይ ትከረፋለች።

በሌላ በኩል መከራው የራስህ ከሆነ እንደ ልብህ በላት። ለራስ ሲሏት ጸሎት ናት፣ «ጌታዬ፣ ጓዳህን አላየሁም፣ ግን አምንሃለሁ» እንደማለት። እምነቱም እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ቀይ ባሕር ፊት ለፊት፣ የፈርዖን ሠረገላ ከኋላ ሆኖ እስራኤል ሲጨነቁ ሙሴ የተባለው «ለምን ወደ እኔ ትጮኻለህ? እንዲሄዱ ንገራቸው» ነው። ባሕሩን መክፈል የእግዜር ሥራ ነው፣ እግር ማንሳት የእነሱ።

የዘንድሮ ልጆች ደግሞ ቀልድ አድርገዋታል። ታክሲ ሲያመልጣቸውም፣ ስልካቸው ሲሰበርም «ሳይደግስ አይጣላም» ነው፣ ቀጥሎ «አይፎን ሊሰጠኝ ነው» ይመጣል። አይከፋም፣ ተረት ካልተቀለደባት ትሞታለች።

ለቅሶ ቤት ግን ተዋት። ልጁን ቀብሮ የተመለሰ ሰው ፊት ስለ ድግስ አይወራም። እዚያ «እግዜር ያጽናችሁ» ብለህ ወንበርህን ስበህ መቀመጥ ነው።