ያረጀ ሬንጀር ጃኬት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ሄርማታ ገበያ ከሳልቫጅ ክምር ላይ አንድ ያረጀ ዝንጉርጉር የወታደር ጃኬት ያነሣ ሰው ከጃኬቱ በፊት ታሪኩ ይሸጥለታል። ሻጩ ይዋሻል ማለቴ አይደለም፤ እሱም የሚደግመው ሲባል የሰማውን ነው። ክፋቱ፣ ዋጋውን የሚያስወጣው ያ ታሪክ መሆኑ ነው።

«ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ነው።» በጣሊያን ዘመን የተሠሩ ሕንፃዎች ባሏት ከተማ ይህን ማመን ይቀላል። ጣሊያኖች በዝንጉርጉር ጨርቅ ቀዳሚ መሆናቸውም እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1929 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያወጡት ባለ ሦስት ቀለም ጨርቅ በፋብሪካ በብዛት ከታተሙት የመጀመሪያው ነው። ነገር ግን የተሠራው ለድንኳን እና ለዝናብ መከላከያ ነበር። ለፓራሹት ወታደሮች ልብስ ሆኖ የተሰፋው በ1942 አካባቢ ነው፤ ጅማ ደግሞ ከጣሊያን እጅ የወጣችው በ1941 ነው። የሚጠራጠር ሰው ከውስጠኛው ስፌት አንድ የላላ ክር ነቅሎ ያቃጥል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ከሆነ ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሠራል። ፖሊስተር ለልብስ የተስፋፋው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። ክሩ ግን ልብስ ሰፊ ኋላ ከጠገነበት ቦታ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

«የኮሪያ ዘማች ጃኬት ነው።» የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የዘመተው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። በገበያችን ይህ ስም የሚሰጠው ጃኬት ብዙውን ጊዜ ኤም 65 የሚባለው የአሜሪካ ሞዴል ሲሆን የወጣው በ1965 ነው። መለየቱ ቀላል ነው፦ ኤም 65 ኮሌታው ውስጥ በዚፕ የተዘጋ ኮፍያ አለው፣ የእጅጌው ጫፍም በቬልክሮ ይዘጋል። የኮሪያ ዘመኑ ኤም 51 የእጅጌ መዝጊያው ቁልፍ ነው፤ መልኩም ዝንጉርጉር ሳይሆን አንድ ወጥ አረንጓዴ ነው።

«ዝንጉርጉሩን ካየሁ አገሩን አውቃለሁ።» ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስከፍለው ይህ ነው። አሜሪካ በ1981 ያወጣችውን አራት ቀለም ያለውን የጫካ መልክ ብዙ አገሮች ወስደውታል ወይም አስመስለው አሳትመዋል፤ የአዳኝ ልብስ የሚሠሩ እና የፋሽን ፋብሪካዎችም እንዲሁ። የጀርመኑ ነጠብጣብ አምስት ቀለም አለው፤ ዴንማርክ ያንኑ በሦስት ቀለም አሳትማለች። በሩቁ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ዝንጉርጉሩ መነሻ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው አንገት ሥር ወይም ኪስ ውስጥ የተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ ናት፤ ያሳዝናል፣ ሰው ቀድሞ ቀዶ የሚጥለውም እሷኑ ነው፣ አንገቴን አሳከከችኝ ብሎ።

ጨርቋ ላይ ባለ 13 አኃዝ የመዝገብ ቁጥር (የኔቶ አገሮች የሠራዊት ዕቃ የሚመዘግቡበት) ካለ አራቱ የመጀመሪያ አኃዞች የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ፤ 8405 እና 8415 ልብስ ናቸው። ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አኃዞች ቁጥሩን የመዘገበውን አገር ያሳያሉ፦ 00 እና 01 አሜሪካ፣ 12 ጀርመን፣ 13 ቤልጅየም፣ 14 ፈረንሳይ፣ 15 ጣሊያን፣ 99 እንግሊዝ። መዘገበ ማለት ሰፋ ማለት አይደለም፤ ልብሱ ሌላ አገር ተሰፍቶ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ልብስ ላይ ባለ 11 አኃዝ ቁጥር ከተገኘ ሥርዓቱ በ1974 ከመለወጡ በፊት የነበረውን አሠራር ያመለክታል።

«ቁጥር ያለበት ሁሉ የጦር ሠራዊት ነው፤ ቁጥሩም የተሠራበትን ዓመት ይነግራል።» የመዝገብ ቁጥሩ ዓመት አይነግርም። በአሜሪካ ልብስ ዓመቱን የሚይዘው የውል ቁጥሩ ነው፦ «ዲኤስኤ 100-69» ብሎ የሚጀምር ውል (ዲኤስኤ የአሜሪካ መከላከያ አቅርቦት መሥሪያ ቤት ነው) የተፈረመው በ1969 በጀት ዓመት ነው። ከ1977 ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ ስም ስለተለወጠ ዲኤስኤ በዲኤልኤ ተተክቷል። አልፋ ኢንዱስትሪስን የመሰለ ኩባንያ ደግሞ ለሠራዊቱም ለሱቅም ሰፍቷል። በመሆኑም የጥራት መመዘኛ ቁጥር እያለው የውል ቁጥር የሌለው ጃኬት ለሱቅ የተሰፋ ሊሆን ስለሚችል፣ በሠራዊት ልብስ ዋጋ መግዛት የለበትም። የደበዘዘ ጽሑፍ በአግድም በተያዘ ባትሪ ብርሃን ብዙ ጊዜ ይነበባል።

«ባጅ ካለው ዋጋው ይጨምራል።» ባጅ በአንድ ቀን ይሰፋል። ጠርዙን በጥንቃቄ ገለጥ አድርጎ ማየት ነው፦ ለዓመታት አብሮ የኖረ ባጅ ሥር ያለው ጨርቅ ፀሐይ ስላላገኘው ደመቅ ይላል። ከሥሩም ከዙሪያውም እኩል የወየበ ከሆነ ባጁ የመጣው ኋላ ነው።

«ባረጀ ቁጥር ይወደዳል።» አይደለም። የ1981ዱ መልክ እጅግ በብዛት ስለተሰፋ አርባ ዓመት ቢሞላውም ብርቅ አይሆንም፤ በቬትናም ጦርነት ጊዜ የነበረው ቀዳሚው ቅጠልማ መልክ ግን ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል። ከዕድሜው ይልቅ ዋጋ የሚያወጣው ያልተነካ መሆኑ ነው፦ የመጀመሪያው ዚፕ፣ ያላጠረ እጅጌ፣ የሚነበብ ጽሑፍ። በበረኪና የታጠበ ወይም እንደገና ቀለም የተነከረ ጃኬት ለብርድ ይሆናል፣ ለሰብሳቢ አይሆንም። በኢንተርኔት የሚታየው ዋጋም ሻጭ የጠየቀው ነው፤ መታየት ያለበት በእርግጥ የተሸጠበት ነው።

«የውጭም የአገር ውስጥም ያው ነው።» አይደለም። የአገራችን ሠራዊት አባል ያልሆነ ሰው የመከላከያን የደንብ ልብስ ቢለብስ በሕግ ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ነገር ክምሩ ውስጥ ቢገኝ ዋጋ መጠየቅም አያስፈልግም።

«በፌስታል ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይጠብቀዋል።» እንደ ጅማ ክረምቱ በረዘመበት አገር ፌስታል እርጥበቱን ከልብሱ ጋር ዘግቶ ሻጋታ ያበቅላል። በደንብ የደረቀውን ጃኬት ሰፊ መስቀያ ላይ ሰቅሎ በጥጥ ነጠላ ወይም በአሮጌ አንሶላ መሸፈን፣ ፀሐይ ስትወጣም ጥላ ውስጥ አውጥቶ ማናፈስ ይበቃዋል።