ስለ ዱር እንስሳት ወንጀል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዱር እንስሳት ወንጀል ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታየን ጠመንጃ የያዘ አዳኝ ነው። ከተኩሱ በፊት ግን የሚመኝ፣ በምኞቱ የሚኮራና ለራሱ ሰበብ የሚደረድር ሰው አለ። ስለዚህ ሰው የያዝነው ግምት ከተሳሳተ መፍትሔያችንም ይሳሳታል። ደጋግመው የሚሰሙ ጥቂት ግምቶችን እንይ።

«ችግር ነው የሚያስገድዳቸው»

ድህነት አንዱ ምክንያት መሆኑ አይካድም፤ ብቸኛው ግን አይደለም። ብሪታንያ የዱር ወፎችን እንቁላል መውሰድ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዚያ በኋላም ለዓመታት በድብቅ የሰበሰቡ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ አንዱንም አይሸጡትም። የሚፈልጉት ብርቁን ነገር የራሳቸው ማድረግ ነው።

በደል ደግሞ ሌላ ምክንያት ነው። ኡጋንዳ ውስጥ ብዊንዲ በ1991 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን የባትዋ ሕዝቦች ከጫካቸው እንዲወጡ ተደርገዋል። በፓርኩ ዙሪያ የተሠሩ ጥናቶች ሰዎች ክልከላውን የሚጥሱት ለምግብ ብቻ ሳይሆን «ተበድለናል» ከሚል ቅሬታም ጭምር እንደሆነ አሳይተዋል። እዚህ ላይ የገቢ ምንጭ መፍጠር ብቻውን አይበቃም። ቅሬታው ራሱ መሰማት አለበት።

«ገዢዎቹ አላዋቂ ናቸው፤ ቢነገራቸው ይተዉታል»

የአውራሪስ ቀንድ ከኬራቲን የተሠራ ነው፤ ጥፍራችንም ፀጉራችንም ከዚሁ ነው። ይህ ለዓመታት ተነግሯል። ሆኖም በደቡብ አፍሪካ በ2007 በሕገወጥ አደን የተገደሉት አውራሪሶች 13 ሲሆኑ በ2014 ቁጥሩ 1,215 ደረሰ። ለዚህ ጭማሪ ትልቁን ድርሻ ከያዙት ገበያዎች አንዷ ቬትናም ነበረች። እዚያ ቀንዱን ከገዙት መካከል የተማሩና የናጠጡ ነጋዴዎች ይገኙበታል። ለአለቃ ወይም ለንግድ ሸሪክ ስጦታ ይሰጡታል። «የማይገኘውን ማግኘት እችላለሁ» የሚል መልእክት ስላለው፣ ክልክል መሆኑ ለአንዳንዱ ጭራሽ ክብር ይጨምርለታል።

ብርቅነት በራሱ ምን ያህል እንደሚስብ የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎች በቅንጡ ግብዣዎች ላይ ሁለት ሰሃን ካቪያር፣ ማለትም ለምግብ የተዘጋጀ የዓሣ እንቁላል፣ አቀረቡ። አንዱ ከብርቅ ዓሣ፣ ሌላው ከተለመደ ዓሣ የመጣ ነው ተባለ። በእርግጥ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነበሩ። አብዛኛው ሰው «ብርቅ ነው» የተባለውን መረጠ። ፈረንሳዊው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ፍራንክ ኩርሻምና ባልደረቦቹ በ2006 ያስጠነቀቁት ይህንኑ ነው፤ እንስሳው በተመናመነ ቁጥር ዋጋው ይንራል፣ ዋጋው በናረ ቁጥር ደግሞ የቀሩት ይታደናሉ። «ሊጠፋ ነው» የሚለው ማስጠንቀቂያ ለእንዲህ ዓይነቱ ገዢ ማስታወቂያ ሊሆንለት ይችላል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው።

«የእስያ ባህል ጣጣ ነው»

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ፒያኖ ቁልፎችና የቢሊያርድ ኳሶች የሚሠሩት ከዝሆን ጥርስ ነበር። ዛሬም ቆጵሮስ ውስጥ ለምግብ ተብለው ወፎች በሕገወጥ መንገድ ይጠመዳሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 ወደ ውጭ እንዳይላክ ያገደው ኢል የተባለው እባብ መሰል ዓሣ ጫጩትም በኮንትሮባንድ ይወጣል።

ደግሞም ባህል የማይለወጥ ነገር አይደለም። የመን ውስጥ ከአውራሪስ ቀንድ የተሠራ እጀታ ያለው ጃምቢያ፣ ማለትም ጩቤ፣ የትልልቅ ሰዎች መለያ ነበር። በ1970ዎቹ ብዙ የመናውያን ነዳጅ ባበለጸጋቸው ጎረቤት አገሮች ሠርተው ገንዘብ ሲይዙ ፍላጎቱ ተስፋፋ። ልማዱ የቆየ ነው፤ አውራሪሱን የጨረሰው ግን አዲሱ ገንዘብና የክብር ፉክክር ነው።

«እንስሳ የሚወድ ሰው እንስሳ አይጎዳም»

በ2009 ኢንተርኔት ላይ የተለቀቀ አንድ ቪዲዮ ብዙ ሰው አይቶታል። ሎሪስ የተባለች ዓይነ ትልቅ የእስያ እንስሳ ስትኮረኮር እጆቿን ሽቅብ ታነሳለች። ተመልካቹ የተደሰተች መሰለው። ሎሪስ ግን እጇን የምታነሳው ስትፈራ ነው፤ ክርኗ አጠገብ ያለው ዕጢ የሚያመነጨውን ፈሳሽ ከምራቋ ጋር ቀላቅላ መርዝ ለማድረግ። ነጋዴዎች እንዳትነክስ ብለው ጥርሷን ይቆርጣሉ። የሎሪሶች ዓለም አቀፍ ንግድ በ2007 ቢታገድም «እኔም አንድ በኖረኝ» የሚለው አስተያየት አልቆመም። ይህን የሚጽፉት እንስሳ የሚጠሉ ሰዎች አይደሉም።

«አዳኞቹ ሕሊና የላቸውም»

ሕሊና የሌለው ሰው ሰበብ አያስፈልገውም። አሜሪካውያኑ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁራን ሳይክስና ማትዛ በ1957 እንደጻፉት፣ አጥፊዎች ሕግ የሚጥሱት አስቀድመው ራሳቸውን አሳምነው ነው። እነሱ የጻፉት ስለ ወጣት አጥፊዎች ቢሆንም፣ በኋላ በሕገወጥ አዳኞች ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፦ «አንድ ቢቀነስ ምን ይሆናል?»፣ «ጠባቂዎቹ ራሳቸው ሌቦች ናቸው»፣ «ልጆቼን ላብላ ብዬ ነው»። ሰበቡን ለይቶ ማወቅ ምን ዓይነት መልስ እንደሚያስፈልግ ያሳያል። ጠባቂዎቹን በሌብነት የሚከስ ሰው ስለ እንስሳት ውበት ቢሰበክለት ጆሮ አይሰጥም፤ መጀመሪያ ንጹሕ ጠባቂ ማየት አለበት።

«ጥፋቱን አጉልተን ከተናገርን ሰው ይታቀባል»

አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ጥንታዊ እንጨት የሚጠበቅበት ፓርክ አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ሲያልዲኒና ባልደረቦቹ እዚያ ሁለት ዓይነት ምልክት ሞከሩ። አንዱ ብዙ ጎብኚዎች እንጨቱን እየወሰዱ ፓርኩን እንደጎዱት ይናገራል። ሌላው «እባክዎ አይውሰዱ» ይላል። በመጀመሪያው፣ ተመራማሪዎቹ ለሙከራ ካስቀመጧቸው የእንጨት ቁርጥራጮች 7.92 በመቶው ተሰረቀ፤ በሁለተኛው 1.67 በመቶው ብቻ። «ሁሉም ይወስዳል» የተባለ ሰው እሱም ወሰደ። የተቆለለ የዝሆን ጥርስ ፎቶ የያዘ ፖስተር ከመለጠፋችን በፊት ይህን ብናስብ ጥሩ ነው። አብዛኛው ሰው የዝሆን ጥርስ አይገዛም፤ ፖስተሩ ላይ ይህም ይጻፍ።