ኦል ሲዝን ጎማ፦ ቡና ላይ የሰማኋቸው ምክሮችና እውነታው

መኪናችን የ2019 ራቭ ፎር ነች። ከኋላ ሁለት የልጆች ወንበር ታስሮባታል። ሥራ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ከቨርጂኒያ እስከ ኦሃዮ ዘመድ ጥየቃ፤ ኑሮዋ ይኼው ነው። ጥቅምት ላይ ዘይት ላስቀይር ስወስዳት መካኒኩ ጎማዎቹን በእጁ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና "እነዚህ ለዊንተር አይደርሱም" አለኝ።

እሁድ ቡና ላይ ጉዳዩን አነሳሁ። ባላነሳው ይሻለኝ ነበር። አቦሉ ሳያልቅ ቤቱ በሙሉ የጎማ ሊቅ ሆኖ ቁጭ አለ። ዲሲ ውስጥ ለረጅም ዘመን ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ ብቻ ዝም ብለው ፈንዲሻቸውን ይበላሉ። በረካው ሲቀዳ ተነሱ። "ና፣ ጎማው ራሱ ምን እንደሚል እናንብበው" ብለው ወደ ፓርኪንጉ ወሰዱኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ስጠይቅና ሳነብ ሰነበትኩ። ቡና ላይ የተባለውን አንድ በአንድ ላንሳው።

"ኦል ሲዝን ስለሆነ ለሁሉም ወቅት ይሆናል"

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ስሙ ራሱ ያሳስታል። ለእኛ ወቅት ሲባል በጋና ክረምት ነው፤ ክረምት ደግሞ ዝናብና ጭቃ። ኦል ሲዝን ጎማ ጎኑ ላይ አብዛኛውን ጊዜ "ኤም ፕላስ ኤስ" የሚል ጽሑፍ አለው። ኤሙ ጭቃ፣ ኤሱ ስኖው ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ ለማግኘት ጎማው ስኖው ላይ ወጥቶ አይፈተንም። በጥርሶቹ መሃል በቂ ክፍተት ካለ አምራቹ ራሱ ያትመዋል። ጭቃውን ካየነው እንዲያውም ለሐምሌ የገጠር መንገዳችን የተጻፈ ይመስላል።

ቁም ነገሩ ያለው ሌላ ምልክት ላይ ነው። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ ውስጡ የበረዶ ቅንጣት። ይህ ያለበት ጎማ በተጠቀጠቀ ስኖው ላይ ተፈትኖ፣ ለመለኪያ ከተቀመጠው ጎማ በልጦ የተገኘ ነው። "ኦል ዌዘር" እየተባሉ የሚሸጡት ጎማዎች ይህን ምልክት ይዘው ዓመቱን ሙሉ የሚነዱ ናቸው። አንዳንድ "ኦል ሲዝን" የተባሉትም አሁን ይዘውት ይወጣሉ። ስለዚህ ሻጩ የሚጠራውን ስም ተዉትና ተራራውን ፈልጉ።

እዚህም ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አማርኛችን ስኖውንም አይስንም "በረዶ" ብሎ ያልፋቸዋል። ጎማ ግን እንደዚያ አያልፋቸውም። የተራራው ፈተና ጎማው ስኖው ላይ ምን ያህል ቆንጥጦ እንደሚጎትት ያያል። አይስ ላይ እንዴት እንደሚቆም ግን አይነግራችሁም። ጠዋት ድልድይ ላይ የሚጠብቃችሁ ያ የማይታይ አይስ ምልክት አለህ የለህም ብሎ አይምርም። ለእሱ የሚሻለው እውነተኛው የዊንተር ጎማ ነው። ላስቲኩ በብርድ አይደርቅም፣ ጥርሱም ላይ በምላጭ የተተለተሉ የሚመስሉ ብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት። የኦል ሲዝን ላስቲክ ግን ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ብርዱ እየበረታ ሲሄድ እየጠጠረ ይመጣል።

ታዲያ የቱን? እንደምትኖሩበት ነው። አትላንታ ወይም ዳላስ ከሆናችሁ በዝናብ ላይ በደንብ የሚቆም ጥሩ ኦል ሲዝን ግዙ፣ አለቀ። ዋሽንግተንና አካባቢው ስኖው በዓመት የጥቂት ቀን እንግዳ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናንተም ቤት የምትውሉ ከሆነ ኦል ሲዝን ይበቃል። ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ያለው ሰው ግን "ዛሬ ስኖው አለ" ብሎ አይቀርም። ለእሱ ኦል ዌዘር ነው የምለው። ሚኒሶታ ላሉት ወገኖቼ የዊንተር ጎማ ቅንጦት አይደለም። ዴንቨር ያላችሁም ወደ ተራራው በሚወስደው አይ 70 መንገድ፣ በሞሪሰንና በዶትሴሮ መሃል፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የጎማ ሕግ አለባችሁ፤ የጥርሱ ጥልቀት ቢያንስ 3/16 ኢንች መሆን አለበት። ጀርመን ደግሞ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለዊንተር መንገድ "ኤም ፕላስ ኤስ" ብቻውን አይበቃም ብላለች። ተራራው የግድ ነው።

"ኦል ዊል ድራይቭ ነች፤ ጎማ አያስጨንቅም"

ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። ኦል ዊል ድራይቭ፣ ማለትም ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚያዞርበት፣ እንድትነሱ ያግዛል፤ ለመቆም አያግዝም። ፍሬን በማንኛውም መኪና ላይ አራቱንም ጎማ ነው የሚይዘው። መሬቱን የሚነካው ደግሞ ከእያንዳንዱ ጎማ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ናት። እንዲያውም ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ሌላው መኪና ገና ከቆመበት ለመነሳት ሲንሸራተት ባለቤቱ ያስጠነቀቀው ያህል ይሰማዋል። እናንተ ግን ያለ ችግር ተነስታችሁ፣ ፍጥነት ይዛችሁ፣ ቀይ መብራት ስር ነው የምታውቁት።

ደግሞ ኦል ዊል ድራይቭ ከሌላው መኪና ይልቅ በጎማ ጉዳይ ጣጣ ያበዛል። አራቱም እኩል መሆን አለባቸው። ያለቀ ጎማ ዙሪያው ያንሳል፣ ስለዚህ ከአዲሱ ቶሎ ቶሎ ይዞራል። ይህ ልዩነት በየማይሉ ኃይል አከፋፋዩን ክፍል ሥራ ያበዛበታል፣ ያግለዋል። ብዙ አምራቾች የጥርስ ልዩነቱ ከ2/32 ወይም ከ3/32 ኢንች እንዳይበልጥ ይመክራሉ። አምና አንድ ጎማዬ ጎኑ ላይ ሚስማር ገብቶበት ነበር። ጎን ላይ የተወጋ ጎማ አይለጠፍም። አንድ ብቻ አዲስ ገጠሙልኝ፣ "ምንም አይልም" ብለው። አዲሱን ጎማ ከአሮጌዎቹ እኩል እንዲሆን ጥርሱን ልጠው የሚሸጡ ቤቶች እንዳሉ የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

"ሁለት ብቻ ከገዛህ ፊት ላይ አድርጋቸው"

የፊት ጎማ ብቻ የሚጎትታት ክሮስኦቨር ያላችሁ፣ ለጊዜው ሁለት ብቻ መግዛት ትችሉ ይሆናል። መሪው ፊት ነው፣ ሞተሩ ፊት ነው፣ አዲሱም ፊት ይሁን ማለት ያጓጓል። የጎማ አምራቾች ግን አዲሶቹን ከኋላ አድርጉ ነው የሚሉት። ምክንያቱም ውሃ ላይ የፊት ጎማ ቢለቅ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትንሸራተታለች፤ እግር ከነዳጅ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ መልሳ ትይዛለች። የኋላው ሲለቅ ግን ጭራዋ ይዞራል። ያንን መልሶ መያዝ የሚችል ሰው ጥቂት ነው፣ እኔ አልችልም።

"80 ሺህ ማይል የተባለው ይሻላል"

እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር። ከ50 ሺህ 80 ሺህ ይበልጣል፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። ግን ያ ቁጥር ዋስትና እንጂ የጎማው ዕድሜ አይደለም። ጎማው 40 ሺህ ላይ ቢያልቅ ገንዘባችሁን አይመልሱም። ያልተነዳውን ማይል አስልተው ከአዲሱ ጎማ ዋጋ ላይ ይቀንሱላችኋል። ለዚያም ጎማውን በየ5 ሺህ፣ ቢበዛ በየ7 ሺህ 500 ማይሉ ፊትና ኋላ እንዳዘዋወራችሁ ደረሰኝ ይጠይቃሉ። ያን ሁሉ ደረሰኝ ያስቀመጠ ሰው ካለ እጅ እነሳዋለሁ።

ጎማው ጎን ላይ "ትሬድዌር" የሚል ሌላ ቁጥርም አለ፤ 500፣ 700 እያለ ይሄዳል። ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ነው። ስለዚህ በአንድ ኩባንያ ጎማዎች መሃል ለማወዳደር እንጂ በሁለት ኩባንያዎች መሃል ለመዳኘት ብዙ አይረዳም። ከጎኑ ያለው "ትራክሽን" የሚለው ደረጃ፣ ከድርብ ኤ እስከ ሲ፣ በእርጥብ መንገድ ላይ በቀጥታ ስለመቆም ብቻ ነው። ስኖው የለበትም፣ መታጠፍ የለበትም።

ብዙ ማይል የሚሄድ ላስቲክ ጠንከር ያለ ይሆናል። ጠንካራ ላስቲክ ደግሞ እርጥብ አስፋልት ላይ ለመያዝ ይቸግረዋል። ጥሩ አምራቾች ሁለቱን ለማስታረቅ ይደክማሉ፣ ጥሩ ዋጋም ያስከፍሉበታል። ርካሽ ሆኖ 80 ሺህ ማይል ቃል የሚገባ ጎማ ካያችሁ ከየት አምጥቶ እንደሆነ ጠይቁ።

"ቁጥሩ 17 ከሆነ ይገባል"

መግባት ይገባል። የኔ ራቭ ፎር ጎማ 225/65 አር 17 ይላል። 225 ስፋቱ ነው፣ በሚሊሜትር። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ። 17 የቸርኬው ዲያሜትር፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በኢንች። ሰው እዚህ ያቆማል። ከኋላው ያለው "102 ኤች" ግን እኩል ያስፈልጋል። 102 አንዱ ጎማ 850 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ኤች በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር። ማንም በዚያ ፍጥነት አይነዳም፣ ስለዚህ ፊደሉ ብዙ ላያስጨንቃችሁ ይችላል። የጭነቱ ቁጥር ግን ሰባት ሰውና ሻንጣ የምትጭን መኪና ላይ ቀልድ አይደለም። ከተጻፈው ዝቅ አትበሉ።

"ጥርስ ካለው ገና ነው"

ጋሼ ፓርኪንግ ውስጥ የፈተኑኝ በዚህ ነው። ከኪሳቸው አንድ ሳንቲም አወጡ፤ ሊንከን ያለበትን። ጭንቅላቱን ወደ ታች ገልብጠው ጥርሱ መሃል ከተቱት። የሊንከን አናት ከታየ ጎማው 2/32 ኢንች ደርሷል፣ በአብዛኛው ግዛት በሕግም አልቋል። "ይኼ የድሮ ፈተና ነው" አሉና ኳርተር አወጡ። የጆርጅ ዋሽንግተን አናት ከታየ 4/32 ገደማ ነው። ሕጉ ይፈቅዳል፣ ዝናቡ ግን አይፈቅድም። ትሪፕል ኤ የተባለው የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር በ2018 ባወጣው ሙከራ፣ በሰዓት 60 ማይል ስትነዱ እርጥብ መንገድ ላይ 4/32 የቀረው ጎማ ከአዲሱ በአማካይ 87 ጫማ ያህል አልፎ ነው የሚቆመው። በቤት መኪና ቁጠሩት፤ አምስት መኪና ይሞላል።

ጥርሱ ሙሉ ሆኖም ጎማ ያረጃል። ላስቲክ ከፀሐይና ከአየር ጋር እየደረቀ ይሰነጠቃል። "ዲኦቲ" ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች እዩ። 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ብዙ የመኪና አምራቾች ከስድስት ዓመት በኋላ አስመርምሩ ወይም ቀይሩ ይላሉ። የጎማ አምራቾች ከአሥር እንዳያልፍ። ያገለገለ ጎማ ከጎሚስታ ለምትገዙ፣ እዚህም ሆነ አዲስ አበባ፣ ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው ይኼ ቁጥር ነው። ስኮርታውንም አትርሱት፣ ከመኪናዋ እኩል እያረጀ ነው።

"ስም ያለው ካልሆነ አትግዛ"

ግማሽ እውነት። ብዙዎቹ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ስሞች የትልልቆቹ ልጆች ናቸው። ጀነራል የኮንቲኔንታል ነው፣ ፋየርስቶን የብሪጅስቶን፣ ቢኤፍ ጉድሪች የሚሼሊን፤ ኩፐርን ጉድይር በ2021 ገዝቶታል። ማንም ሰምቶት የማያውቀውን ስም ግን እኔም ለልጆቼ አልገጥምም።

"ናይትሮጅን አስሞላ"

የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። በነፃ ካልሆነ ተዉት።

"ንፋሱን ጎማው ላይ የተጻፈውን ያህል ሙላ"

ጎማው ጎን ላይ 44 ወይም 51 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የሚል ታያላችሁ። እሱ ጎማው ሊይዝ የሚችለው ጣሪያ ነው። የእናንተ መኪና ልክ የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ተለጥፎ ያለው ነው፤ የኔ 33 ይላል። ከልክ በላይ የተሞላ ጎማ መሃሉ ብቻ ይበላል፣ መንገዱንም በመሃሉ ብቻ ይነካል። ቅዝቃዜ ሲመጣ ደግሞ በየ10 ዲግሪ ፋራናይቱ 1 ፒኤስአይ ገደማ ይወርዳል። ዳሽቦርድ ላይ ያለችውን መብራት አትጠብቁ። እሷ የምትበራው ከልኩ ሩብ ያህል ከጎደለ በኋላ ነው።

በመጨረሻ ተራራው ያለበት አንድ ኦል ዌዘር መረጥኩ፣ አራት። ቀጠሮው ቀን ከመግጠማቸው በፊት ዲኦቲውን ልይ አልኩ። የጎማ ቤቱ ልጅ ሳቀብኝ። ሦስቱ የዚያው ዓመት ናቸው፤ አራተኛው ግን የአራት ዓመት ዕቃ። ምንም ሳይል ይዞት ገባና ሌላ አመጣ።

ማታ ጋሼ ደወሉ። ስለ ምልክቱም ስለ ዋጋውም አልጠየቁም። "ንፋሱን ስንት አደረጉት?" አሉኝ። መለኪያውን ይዤ ወረድኩ። 44። ብርድ ላይ ቁጢጥ ብዬ፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ አራቱንም ወደ 33 አወረድኳቸው።