የኤልጂቢቲ ማኅበረሰብ ማዕከላት፦ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት የቆሙ ቤቶች

የኤልጂቢቲ ማኅበረሰብ ማዕከል ሌዝቢያኖች (ሴቶችን የሚያፈቅሩ ሴቶች)፣ ጌዮች (ወንዶችን የሚያፈቅሩ ወንዶች)፣ ባይሴክሹዋሎች (ሁለቱንም ጾታ የሚያፈቅሩ) እና ትራንስጀንደር ሰዎች (ሲወለዱ ከተሰጣቸው ጾታ የተለየ ማንነት ያላቸው) ማንነታቸውን ሳይደብቁ የሚገናኙበት፣ የምክር፣ የጤናና የሕግ ድጋፍ የሚያገኙበት፣ መጽሐፍ የሚያነቡበት ወይም እንዲሁ ቁጭ ብለው የሚጨዋወቱበት ቤት ነው። ዛሬ ከእነዚህ ማዕከላት አንዳንዶቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደመወዝተኞች አሏቸው። አብዛኞቹ ሲጀመሩ ግን ገንዘብም ሕንፃም አልነበራቸውም፤ ከሥራ መልስ ግድግዳ የሚቀቡ፣ ስልክ የሚያነሡና ወለል የሚጠርጉ ጥቂት ሰዎች ናቸው ያቆሟቸው። ታሪካቸውን የሚከታተል ሰው ደጋግሞ የሚያገኘው ጥያቄ አንድ ነው፦ በጉልበት የተሠራውን ቤት ጉልበቱ ሲደክም ምን ያቆየዋል? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከማዕከላቱ በፊት ዋናው መገናኛ መጠጥ ቤት ነበር። መጠጥ ቤቱን ፖሊስ ይወርረዋል፤ ትርፉ የባለቤቱ ነው፤ ዕድሜው ያልደረሰ ወጣት፣ መጠጥ የማይቀምስ ሰው ወይም የሚከፍለው የሌለው ደጅ ይቀራል። ከዚያ የተለየ ቦታ ለማግኘት የተደረገው ሙከራ ረጅም ዕድሜ አለው። ጀርመናዊው ሐኪም ማግነስ ሂርሽፌልድ በ1919 በርሊን የከፈተው የጾታ ሳይንስ ተቋም ለምርምርና ለሕክምና የተቋቋመ ቢሆንም ለብዙዎች መጠጊያ ሆኖ ነበር፤ በሜይ 1933 ናዚዎች ዘረፉት፤ መጻሕፍቱንም በአደባባይ አቃጠሉ። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 በአምስተርዳም በሼክስፒር ክበብ ስም የተጀመረውና በኋላ ሲ.ኦ.ሲ. ተብሎ የታወቀው ማኅበር ለአባላቱ ንግግርና ጭፈራ ያዘጋጅ ጀመር። በአሜሪካ ደግሞ ሶሳይቲ ፎር ኢንዲቪጁዋል ራይትስ የተባለው ማኅበር በኤፕሪል 1966 በሳን ፍራንሲስኮ የከፈተው ቤት የአገሪቱ የመጀመሪያ የጌይ ማኅበረሰብ ማዕከል ተብሎ ይጠቀሳል።

በ1969 በኒውዮርክ ስቶንዎል በተባለ መጠጥ ቤት የፖሊስን ወረራ በመቃወም የተነሣው አመፅ ካለፈ በኋላ እንቅስቃሴው ከሰልፍ ወደ ቤት ሥራ ገባ። ከሁሉ ይልቅ የሎስ አንጀለሱ ምሳሌ ነገሩን አጉልቶ ያሳያል። የጌይ ነጻነት ግንባር አባላት የነበሩት ሞሪስ ካይትና ዶን ኪልሄፍነር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1971 በዊልሻየር ጎዳና ላይ ባለ አንድ አሮጌ ቤት የጌይ ማኅበረሰብ አገልግሎት ማዕከልን ከፈቱ። ወደ በሩ የሚመጡት ከቤተሰብ የተባረሩ ወጣቶች፣ ከሥራ የተሰናበቱ፣ ሱስ የያዛቸውና የአባላዘር በሽታቸውን ለሐኪም ለመናገር የፈሩ ሰዎች ነበሩ። ማዕከሉ መኝታ፣ የምክር አገልግሎትና ክሊኒክ አዘጋጀላቸው፤ ሥራውን የሚሠሩት አብዛኞቹ ደመወዝ አያገኙም ነበር። የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት የሚሰጠውን የግብር ነጻነት መጀመሪያ ከለከለ፤ ማዕከሉ ስሙን ሳይለውጥ ተሟግቶ በ1974 አገኘው። ይህ ድል ከወረቀት በላይ ነው። የግብር ነጻነት ከሌለ ዕርዳታ ሰጪ ተቋም ገንዘብ ለመስጠት ያመነታል፤ ያለ ገንዘብ ደግሞ ክሊኒክ አይቆይም። ያ አሮጌ ቤት ዛሬ በዓለም ካሉት የኤልጂቢቲ ተቋማት ትልቁ ከሚባለው ድርጅት ጀርባ ያለ ታሪክ ሆኗል።

ሌሎች እንዲህ አልቀናቸውም። በኒውዮርክ የጌይ አክቲቪስትስ አሊያንስ አባላት በ1971 በዉስተር ጎዳና የነበረ የእሳት አደጋ ጣቢያ ተከራይተው ማዕከል አደረጉት፤ የቅዳሜ ምሽቱ ጭፈራ ወጪውን ይሸፍንላቸው ነበር። በኦክቶበር 1974 ሆን ተብሎ በተለኮሰ እሳት ጋየ። በዚያው ዓመት በለንደን ብሪክስተን ሰፈር በሬይልተን መንገድ ላይ ባዶ ሱቅ ያለ ፈቃድ ይዘው የደቡብ ለንደን ጌይ ማዕከልን የከፈቱት ወጣቶች በ1976 ተባረሩ። በ1985 በፋሪንግደን የተከፈተው የለንደን ሌዝቢያንና ጌይ ማዕከል በአንጻሩ ከታላቋ ለንደን ምክር ቤት ዳጎስ ያለ ገንዘብ አግኝቶ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ነበረው፤ መንግሥት ምክር ቤቱን በ1986 ሲያፈርሰው ግን ዋናው ደጋፊው ጠፋ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያም በሩ ተዘጋ። በአንድ ለጋሽ ላይ የቆመ ማዕከል ከተቃጠለው እምብዛም የተሻለ ዋስትና እንደሌለው ከዚህ ይታያል።

የቆዩት ግድግዳውን የራሳቸው ያደረጉ ናቸው። በኒውዮርክ በ1983 የተቋቋመው ማዕከል በምዕራብ 13ኛ ጎዳና የሚገኝ አሮጌ የሙያ ትምህርት ቤት ከከተማው አስተዳደር በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። የሕንፃው ሁኔታ የሚያስደስት አልነበረም፤ ሆኖም የራስ መሆኑ ሁሉን ለወጠ። በኤድስ ዘመን ሐዘንተኛውና ተቆጪው የሚሰበሰብበት ስፍራ ሆነ፤ በማርች 1987 ጸሐፊው ላሪ ክሬመር እዚያ ካደረገው ንግግር በኋላ አክት አፕ የተባለው የኤድስ ተሟጋቾች ቡድን ተመሠረተ። ሰዓሊው ኪት ሄሪንግ በ1989 የአንድ መጸዳጃ ክፍል ግድግዳ ላይ የሣለው ሥዕል ዛሬም አለ። የሌዝቢያኖችን ታሪክ የሚሰበስበው የሌዝቢያን ሄርስቶሪ አርካይቭስ ደግሞ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከመሥራቾቹ አንዷ በሆነችው በጆአን ኔስል አፓርታማ ውስጥ ሲቀመጥ ቆይቶ፣ ብዙ ሴቶች ባዋጡት አነስተኛ ገንዘብ በብሩክሊን ቤት ተገዝቶለት በ1993 ተከፈተ። ይህ ቤተ መዛግብት በፈቃደኞች ብቻ የሚመራ ሆኖ መዝለቁ በእኔ እይታ ከዚህ ሁሉ ታሪክ እጅግ የሚያስደንቀው ነው።

እንዲህ ያለ ቤት እንዴት ይጀመራል? ልምድ ያላቸው ሰዎች በመጀመሪያ ሕንፃ አይፈልጉም። በሳምንት አንድ ምሽት፣ በተዋሱት ክፍል፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይከፍታሉ። ፈርቶ ሦስት ጊዜ በበሩ አልፎ የሄደ ሰው በአራተኛው ሲመጣ ቤቱ ተዘግቶ ካገኘው ዳግመኛ ላይመለስ ይችላል፤ ስለዚህ የፈቃደኞች የመጀመሪያ ሥራ ሰዓት ማክበር ነው። ብዙ ቦታ ከክፍሉ በፊት የስልክ መስመር ይቀድማል፤ በማርች 1974 በለንደን ኪንግስ ክሮስ ከመጻሕፍት መደብር በላይ በነበረ ክፍል ሥራ የጀመረው የለንደን ጌይ ስዊችቦርድ በተረኛ ፈቃደኞች ቀንና ሌሊት ወደሚያገለግል መስመር ያደገው በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው። ስልኩ የሚያስፈልገውን ነገር ይነግራል፦ መኝታ የሚጠይቁት ይበዛሉ ወይስ ጠበቃ? የሚደውሉት ወጣቶች ናቸው ወይስ ብቸኛ አዛውንቶች?

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድካም ለዓይን የማይታይ ነው። መተዳደሪያ ደንብ ይጻፋል፤ ማኅበሩ ይመዘገባል፤ በድርጅቱ ስም የባንክ ሒሳብ ተከፍቶ ከአንድ በላይ ሰው የሚፈርምበት ይሆናል። የኪራይ ውሉን ጠበቃ ያነብበዋል፤ ኢንሹራንስ ይገባል፤ ደረጃው በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣ ሰው እንዳይከለክል መወጣጫ ይሠራለታል። አዲስ ፈቃደኛ ተረኛ ከመሆኑ በፊት ይሠለጥናል፤ ሥልጠናው በዋናነት ማዳመጥንና ምስጢር መጠበቅን ያስተምራል። በማዕከሉ ያየውን ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው ቀድሞ ሰላም አለማለትን ይማራል፤ ያ ሰው አብሮት ካለው ዘመድ የሸሸገው ነገር ሊኖር ይችላልና። ከታዳጊዎች ጋር የሚሠሩት ደግሞ የኋላ ታሪካቸው ይጣራል፤ ብቻቸውንም ከልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል አይቀመጡም። ይህን ጥንቃቄ እንደ አለመተማመን የሚቆጥሩ አሉ፤ ልጆቹን የሚጠብቀው ግን መልካም ሐሳብ ብቻውን አይደለም።

ፈቃደኛ ይደክማል። ቁልፍ የያዘው፣ ሒሳቡን የሚያውቀውና ለአስታራቂነት የሚጠራው አንድ ሰው ከሆነ፣ እሱ ሲታመም ወይም ከተማ ሲለቅ ቤቱ አብሮት ይሄዳል። የሰነበቱ ማዕከላት ሥራን ይከፋፍላሉ፤ የኃላፊነት ዘመን ይወስናሉ፤ አቅም ሲኖር ከሁሉ በፊት አስተባባሪ ይቀጥራሉ። ቅጥሩ ራሱ ቅሬታ ያመጣል፤ ለዓመታት በነጻ የሠራ ሰው አጠገቡ ደመወዝ የሚበላ ሰው ሲቀመጥ ቅር መሰኘቱ የሚጠበቅ ነው። ይህን በግልጽ ተነጋግሮ መፍታት ይቻላል፤ ሳይነገር የተዳፈነ ቅሬታ ነው ቦርዶችን የሚከፋፍለው።

«ማኅበረሰብ» ሲባል ደግሞ ማን ማለት ነው የሚለው ክርክር ከመጀመሪያው አለ። በብዙ ማዕከላት ስብሰባውን የሚመሩት ወንዶች ስለነበሩ ሴቶች የራሳቸውን ቦታ ጠይቀዋል፤ የፋሪንግደኑ ማዕከል ለሴቶች ብቻ የተለየ ፎቅ ነበረው። የባይሴክሹዋልና የትራንስጀንደር ሰዎች ስም በማዕከላት በር ላይ የተጻፈው በአብዛኛው ቆይቶ ነው፤ በሥራው ግን ቀድሞም ነበሩ።

ሕጉ ወይም ባለሥልጣኑ በሚያሳድድበት አገር የቤቱ ሥራ ሌላ መልክ ይይዛል። በ2008 የተመሠረተው የቤጂንግ ኤልጂቢቲ ማዕከል ለ15 ዓመት የምክር አገልግሎት ከሰጠ በኋላ በሜይ 2023 መዘጋቱን አስታወቀ። በጋና አክራ በ2021 መጀመሪያ የተከፈተው ማዕከል ደግሞ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፖሊስ ገብቶ ዘጋው። በእንዲህ ያለ ቦታ አድራሻው በአደባባይ አይነገርም፤ እንግዳ የሚመጣው በሚያውቀው ሰው በኩል ነው። የጎብኚዎች ስም ዝርዝርም አይያዝም፤ ለለጋሽ የሚቀርበው ዘገባ ቁጥር ብቻ ይይዛል፤ የግድ መቀመጥ ያለበት መረጃ ካለም በሩ በተሰበረ ቀን ማን፣ በምን መንገድ እንደሚያጠፋው አስቀድሞ ይወሰናል።