ካልሲፊላክሲስ ምንድን ነው?

የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) የሚያደርግ ሰው «ጭኔን ያቃጥለኛል፣ አንሶላ ሲነካኝ እንኳ አልችልም» ሲል፣ ቆዳው ላይ ምንም አልታየም ብሎ ማለፍ አይገባም። ካልሲፊላክሲስ ብዙ ጊዜ አመጣጡ እንዲህ ነው፤ ሕመሙ ይቀድማል፣ ቁስሉ ይከተላል።

በቆዳና ከሥሩ ባለው ስብ ውስጥ የሚያልፉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳቸው ካልሲየም ይዞ ይጠባል፤ ደም እየረጋ ይደፍናቸዋል። ደም ያጣው ቆዳ ይሞታል። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ከውሃው ወጥቶ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ኖራ ያውቀዋል፤ ይህም እንደዚያ ይመስላል። ምሳሌው ግን ሙሉ አይደለም። እዚያ ኖራው ዝም ብሎ ይለጠፋል፤ እዚህ ግን በደም ውስጥ ፎስፈረስ ሲበዛ የደም ሥሩ ሕዋሳት ራሳቸው ጠባያቸውን ለውጠው አጥንት ሠሪ ይመስላሉ። የደከመ ኩላሊት ትርፉን ፎስፈረስ በሽንት ማስወጣት አይችልም፣ እጥበቱም ሁሉን አይጨርሰውም።

ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ዋርፋሪንም፣ እዚህ ውስጥ እጁ አለበት። የደም ሥር ካልሲየም እንዳይዘው የሚከላከል ፕሮቲን አለን፤ ያለ ቫይታሚን ኬ አይሠራም። ዋርፋሪን ደግሞ የሚያግደው ይህንኑ ቫይታሚን ነው። ይህን አንብቦ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ሌላ አደጋ ነው፤ በተለይ የልብ ቫልቭ ላስቀየረ ሰው። ስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ውፍረት ያላቸውና ሴቶች ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ስሙን በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ያወጣው ተመራማሪው ሃንስ ሴልዬ ነው፣ በአይጦች ላይ ባየው ነገር ተነሥቶ። ስሙ አናፊላክሲስ ከሚባለው ከባድ አለርጂ ጋር ስለሚቀራረብ አለርጂ ያስመስለዋል፤ አይደለም።

መጻሕፍት «ሐምራዊ መረብ የመሰለ ቆዳ» ይላሉ። በጠይም ቆዳ ላይ ቀለሙ ጎልቶ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ማለት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ እጅ ከዓይን ይሻላል፦ ከቆዳው ሥር ጠጠር ያለ፣ ሲነኩት የሚያስጮኽ ነገር ይዳሰሳል። ቆይቶ ጥቁር ቅርፊት ያወጣል። የአልጋ ቁስል የሚመስላቸው አሉ፤ የአልጋ ቁስል ግን አጥንት ፍራሽ በሚጫንበት ቦታ ይወጣል፣ ይህ ደግሞ ሆድ፣ ጭን፣ ጡት፣ ስብ ያለበትን ይወዳል።

ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ አይደለም፤ ከያዛቸው ግን ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞታሉ፣ በአብዛኛው ቁስሉ አመርቅዞ ደም ውስጥ ሲገባ። ፈዋሽነቱ በእርግጠኝነት የተመሰከረለት መድኃኒት የለም። ሐኪሞች ፎስፈረሱን ያወርዳሉ፣ ሕመሙን ያስታግሳሉ፣ ቁስሉን ይንከባከባሉ፤ ለሳይናይድ መመረዝ የሚሰጠውን ሶዲየም ታዮሰልፌትም በእጥበቱ ሰዓት በደም ሥር ይሰጣሉ። ለምርመራ ከቆዳው ቆርጦ መውሰድ ራሱ የማይድን ቁስል ሊከፍት ስለሚችል፣ አንዳንዴ ሳይቆርጡ ምልክቱን ብቻ አይተው ሕክምና ይጀምራሉ።