ጉልበት ከተቀየረ በኋላ፦ የባሕር ዳር የማገገሚያ ወራትና አጋዥ ሕክምናዎች

ጉልበት መቀየር ሲባል ብዙ ሰው ጉልበቱ እንዳለ ተቆርጦ የሚወጣ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ሐኪሙ ያለቀውን ልም አጥንትና ከሥሩ ያለውን ስስ የአጥንት ክፍል ያነሳል። በቦታው የብረት ሽፋን ያለብሳል። በብረቶቹ መሃል ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። ጅማቱና ጡንቻው ግን የታማሚው የራሱ ነው። ብረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰው ይሸከማል፤ ወራት የሚፈልገው ሥጋው ነው።

ቀዶ ጥገናው የትም ይደረግ፣ ማገገሙ ቤት ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ሜዳ ናት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ በሐይቁ ዳር ዛፍ ለዛፍ መራመድ ይቻላል። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የሚባሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች እዚሁ ናቸው። ጸበሉ፣ ወጌሻው፣ ፍል ውሃውም ቅርብ ነው። ስለዚህ ታማሚው ቤት እንደገባ ምክር ይዘንባል። አንዷ ለጋ ቅቤ ይዛ ትመጣለች፣ ሌላው ጸበል በጀሪካን፣ ሦስተኛው «አንድ ጎበዝ ወጌሻ አውቃለሁ» ይላል። ሁሉም ከፍቅር ነው። እኔ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ እያንዳንዱ ነገር የራሱ ሳምንት አለው፣ ሳምንቱን እንጠብቅለት።

መዘርጋትና ማጠፍ

ዋናው መድኃኒት እንቅስቃሴ ነው። የቀሩት ሁሉ እሱን ለማገዝ የሚመጡ ናቸው። ታማሚው በቀዶ ጥገናው ቀን ወይም በማግስቱ በዎከር፣ በሁለት እጅ በሚያዘው ባለ አራት እግር መደገፊያ፣ ይነሳል። ተኝቶ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሳል፤ ይሄ ደም ባት ውስጥ እንዳይረጋ ይረዳል። የጭኑን ጡንቻ አጥብቆ ይይዛል፣ ይለቃል። ተረከዙን ፍራሹ ላይ እየጎተተ ጉልበቱን ያጥፋል።

ቤተሰብ በቅንነት የሚሳሳተው ትራስ ላይ ነው። ከጉልበቱ ሥር ትራስ ሲገባ ሕመሙ ቀለል ይላል፣ ጉልበቱ ግን እንደታጠፈ መድረቅ ይለምዳል። ትራሱ ከተረከዝ ሥር ነው መግባት ያለበት። ያኔ ጉልበቱ በራሱ ክብደት ይዘረጋል። ያማል፣ አውቃለሁ። ግን ሙሉ በሙሉ ያልተዘረጋ ጉልበት ዕድሜ ልክ ያነክሳል።

ወንበር ላይ እንደ ልብ ቁጭ ብድግ ለማለት 90 ዲግሪ ያህል መታጠፍ ያስፈልጋል። ብስክሌት ፔዳል አንድ ዙር ለማዞር ወደ 110 ይጠጋል። እንደ ባሕር ዳር ብስክሌት በሚወድ ከተማ ይሄ ትልቅ ግብ ነው። የሚጀመረው ጂም ውስጥ ባለው፣ ቦታውን በማይለቅ ብስክሌት ነው። ኮርቻው ከፍ ይደረጋል። መጀመሪያ ፔዳሉ ሙሉ አይዞርም፤ ወደፊት ትንሽ፣ ወደኋላ ትንሽ ይወዛወዛል። አንድ ቀን ሳይታሰብ ዞሮ ይመጣል። መንገድ ላይ መንዳት ግን ከወራት በኋላ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ ነው።

ቁጢጥ ማለት ከዚህ ሁሉ የበለጠ መታጠፍ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ወደዚያ አይመለስም። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በፊት ለጉድጓድ ሽንት ቤት መሃሉ ክፍት የሆነ ወንበር አናጺ ጋር ማሠራት ነው። ለቡናም በርጩማው ይቅርና መደገፊያ ያለው ወንበር ይቅረብ። ባጃጅ ሲገባም አስቀድሞ በመቀመጫ ነው፣ እግሩ በኋላ ይከተላል።

በረዶ፣ ሙዚቃ፣ መርፌ

ያበጠ ጉልበት የጭን ጡንቻን ያሰንፋል። እብጠት ሲቀንስ ጡንቻው መታዘዝ ይጀምራል። ቅዝቃዜ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ልዩ ዕቃ አያስፈልግም። ሃይላንድ ውሃ ሞልቶ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት፣ በነጠላ ወይም በፎጣ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጉልበቱ ላይ ማድረግ ይበቃል። ባዶ ቆዳ ላይ አይደረግም፣ ቆዳ ያቃጥላል። ከእንቅስቃሴ በኋላ ሲሆን ደግ ነው። መብራት ሲጠፋ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ፣ ስፌቱን ሳያርስ፣ ከጉልበቱ በላይና በታች ይደረጋል።

እ.ኤ.አ. በ2017 39 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና ወጥቶ ነበር። ጉልበታቸውን ከቀየሩ ሰዎች ዘንድ የቻይና መርፌ (ቀጫጭን መርፌ ቆዳ ላይ የሚሰካበት ሕክምና) እና በቆዳ ላይ የሚሰጥ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት የጠንካራ ማስታገሻ ፍላጎትን በመጠኑ ይቀንሳሉ ወይም ያዘገያሉ ይላል። ጉልበትን ራሱ የሚያጥፍና የሚዘረጋ ማሽን ግን ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልታየበትም። የኤሌክትሪኩ ንዝረት የፊዚዮቴራፒ ክፍል ሥራ ነው፤ ልብ ላይ ማሽን የተተከለለት ሰው አስቀድሞ ይናገር። ሙዚቃ ከቀዶ ጥገና በኋላ ሕመምንና ጭንቀትን እንደሚያቀል በብዙ ጥናት ታይቷል። በገና የሚወድ ሰው ማታ በገና ያዳምጥ፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሌሊት ረጅም ነው።

ወጌሻ፣ ዋግምትና ቅቤ

እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር። ወጌሻ የተቀየረ ጉልበት አይነካም። በኃይል መሳብና ማጠፍ ቁስሉን ሊከፍት፣ ጅማት ሊበጥስ፣ አጥንት ሊሰብር ይችላል። ባት ውስጥ የረጋ ደም ካለ ደግሞ ሲታሽ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ ይሄ ይገድላል። ዋግምት፣ ሂጃማ፣ መተኮስም በዚያ እግር ላይ አይሞከሩ። ቆዳ በተከፈተ ቁጥር ጀርም መግቢያ ያገኛል። ጀርም ብረቱ ላይ ከተቀመጠ በኪኒን ብቻ አይወጣም፣ ዳግም ቀዶ ጥገና ያመጣል። ቅቤ፣ ፌጦና ዳማከሴ ቁስል ላይ አይደረጉም።

ለስላሳ ማሸት ግን ጊዜው ሲደርስ ጥሩ ነው። ስፌቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወጣል። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ፣ ወደ 6ኛው ሳምንት ግድም፣ ጠባሳውን በጣት በንጹሕ ዘይት እየዞሩ ማሸት ቆዳው እንዳይጣበቅ ይረዳል። ከጠባሳው ውጭ ባለው ጎን ቆዳው ቢደነዝዝ አያስደንግጥ፣ የተለመደ ነው። ሲራመዱ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅም እንዲሁ።

ጸበል፣ ሐይቅ፣ ፍል ውሃ

አንዳሳ ጊዮርጊስ ጸበል ለመሄድ የሚቸኩል ታማሚ ብዙ ነው። ጸበሉን መጠጣት ይችላል፣ ከወገብ በላይም ይረጫል። ቁስሉ ላይ ማፍሰስና ውስጡ መነከር ግን እስኪድን ይቆይ። ካህናቱን በትሕትና ማስረዳት በቂ ነው። ጣና ውስጥ እግር መንከርን ግን ጭራሽ አልመክርም። ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ አለ፣ በደህና ቆዳም ሰርስሮ ይገባል። በደራ ወረዳ ያለው የዋንዛዬ ፍል ውሃ ደግሞ ገና ባበጠ ጉልበት ላይ እብጠት ይጨምራል። ወራት አልፈው፣ ቁስሉ ተረስቶ፣ ጉልበቱ ጠዋት ጠዋት ድርቅ ሲል ግን ሙቀት ደስ ይላል።

ማዕድና ጾም

ቁስል ፕሮቲን ይፈልጋል። የጣና ቆሮሶና አምባዛ፣ እንቁላል፣ ወተት፤ በጾም ሽሮና ምስር በደንብ። ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባትን ማማከር ነው፤ ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ። ሙስሊም ታማሚም በረመዳን ለሕመም የተሰጠ ፈቃድ አለው። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉት ማስታገሻዎች በባዶ ሆድ ሲወሰዱ ጨጓራ ያቆስላሉና እስከ 9 ሰዓት እየጾሙ እነሱን መዋጥ አይሆንም። ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ ሆድ ያደርቃል፤ ለዚያ ተልባ በብዙ ውሃ ይረዳል፣ ከመድኃኒቱ ሁለት ሰዓት ያህል ይራቅ። ትራማዶል ከጠላና ከአረቄ ጋር ፈጽሞ አይሄድም፣ ትንፋሽ ያዳክማል። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና እርድ በወጥ ውስጥ ችግር የለባቸውም። ደም ማቅጠኛ እየወሰዱ በብዛት ቀቅሎ መጠጣት ግን መድማትን ሊጨምር ይችላል።

መቋሚያና ስግደት

ከዘራ የሚያዘው በደህናው እግር በኩል ባለው እጅ ነው። ቁመቱ ክንድ ሲንጠለጠል የእጅ አንጓ ላይ ይድረስ። መቋሚያ ለቅዳሴ እንጂ ለመራመጃ ይረዝማል፤ ትከሻ ያነሳል፣ ወገብ ያጣምማል። ስግደት ለጊዜው ቆሞ በማጎንበስ ይሁን። መስጊድም ወንበር ላይ ሆኖ ይሰገዳል። ከወራት በኋላ መንበርከክ ብረቱን አይሰብረውም፣ ግን ለብዙ ሰው ምቾት የለውም።

ባት ካበጠና ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ካለፈ ወይም ቁስሉ መግል ካወጣ ጊዜ የለም። በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

ብዙ ሰው በ3 ወር ወደ ዕለት ሥራው ይመለሳል፣ ሙሉው መሻሻል ግን እስከ ዓመት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ጥሩ መለማመጃ የዘጌ ጉዞ ነው። ከጀልባው ማረፊያ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡናው ጫካ መሃል ድንጋያማ አቀበት ነው። በዝግታ፣ እያረፉ። ከጀልባ ወደ ድንጋዩ ሲወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ሲመለሱ፣ ወደ ጀልባው ሲወርዱ፣ የተቀየረው። እጅ የሚሰጥ ሰው ከጎን ይቁም።