ባሕር ዛፍ ያልበቀለበት አንኮበር፦ ስለ ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ ደራሲ ሥራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ በልብ ወለዶቼ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን የሚኖሩት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴና በልጅ ልጃቸው በምኒልክ ዘመን በነበሩት አንኮበር፣ አንጎለላና መንዝ ነው። የፍቅር ታሪክ እንደምጽፍ የሰሙ ጎረቤቶች፣ መምህራንና ወጣት አንባቢዎች ስለ ሙያው የሚነግሩኝ ነገር ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ አብዛኛውም ስሕተት በመሆኑ ደጋግሜ የምሰማውን እዚህ አነሣለሁ።

«ፍቅሩን ከጻፍክ በኋላ ታሪኩን እንደ ጌጥ ታለብሰዋለህ።»

ከሁሉ የሚበዛውም ከሁሉ የሚያሳስተውም ይህ ነው። መዋደድ በየዘመኑ ይመሳሰላል፤ አንዱን የፍቅር ታሪክ ከሌላው የሚለየው በሁለቱ ሰዎች መካከል የቆመው ነገር ሲሆን ያ ነገር ደግሞ የሚገኘው ከታሪክ ነው። የመንዝን ርስት እንውሰድ። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ስለሚወረስ፣ መሬት የሚጠይቅ ሰው ከአቅኚው አባት መወለዱን ትውልድ ቆጥሮ፣ ሽማግሌ አስመስክሮ ማስረዳት ነበረበት። ያው ቆጠራ ግን ጋብቻ ሲነሣ በተቃራኒው ይሠራል፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚዛመዱ አይጋቡምና። እንግዲህ አንድ ድሃ ጎልማሳ ለሠርጉ የሚሆነውን መሬት ለማግኘት ተሟግቶ፣ የዘር ሐረጉን አስቆጥሮ ሲረታ፣ የወደዳት ልጅ በአምስተኛው ቤት ዘመዱ ሆና ብትገኝስ? መሬቱን ባገኘበት ቃል ልጅቱን ያጣል። ይህን ሤራ የሰጠኝ የርስት ሥርዓት ነው፤ እኔ በምናቤ ደክሜ የማመጣው አልነበረም።

«በድሮ ዘመን አንዲት ሴት አንዴ ከተዳረች መውጫ አልነበራትም።»

ብዙ ልጃገረዶች ሳይጠየቁ በልጅነታቸው መዳራቸው እውነት ነው፤ ይህን ማለሳለስ አይገባም። ነገር ግን የጋብቻው ዓይነት አንድ ብቻ አልነበረም። የሰማንያ ጋብቻ በፍቺ ሊፈርስ፣ ንብረትም ሊካፈሉበት የሚቻል ሲሆን፣ የቁርባን ጋብቻ ግን እስከ ሞት የሚያስር ነበር፤ ከነዚህ ሌላ ሴቲቱ በተወሰነ ክፍያ የምትገባበት የደሞዝ ጋብቻ የሚባልም ነበር። ከእኛው አገር ምስክር ካስፈለገ፣ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን በአንኮበር መድኃኔ ዓለም የተጋቡት ምኒልክና ጣይቱ ሁለቱም ከዚያ በፊት ትዳር የነበራቸው ሰዎች ናቸው፤ ምኒልክ ገና በወጣትነታቸው በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲያመልጡ ያገቧትን የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ እዚያው ትተዋት ነው የወጡት። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሁለት ፍቅረኞች «እንጋባ» ሲባባሉ አንባቢ ሊጠይቅ የሚገባው በሰማንያ ነው ወይስ በቁርባን የሚለውን ነው። «በቁርባን ይሁን» ያለ ሰው የተናገረው የፍቅር ቃል በገጽ ሙሉ ስንኝ ከሚገለጸው ይበልጣል።

«አገሩን ስለምታውቀው ማጥናት አያስፈልግህም።»

እኔም እንዲሁ አስብ ነበር። የመጀመሪያ ረቂቄ ላይ በሣህለ ሥላሴ ዘመን የኖሩ ሁለት ፍቅረኞችን በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አገናኘኋቸው፤ ረቂቁን ያነበቡልኝ አንድ አዛውንት ምንም ሳይናገሩ ከሥሩ አሰመሩበት። ዛሬ የደብረ ብርሃንን ዙሪያ የከበበው ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ነው። ዛፉን በጥድ ተካሁት፤ ቡናው ግን የባሰ አስቸገረኝ። በዚያ ዘመን በሸዋ ክርስቲያኖች ዘንድ ቡና መጠጣት የእስላም ልማድ ተደርጎ ስለሚቆጠር የተከለከለ ነበር፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስም ጽፎታል። ስለዚህ ልጅቱ ጎረቤት ጠርታ ቡና የምታፈላበት፣ ጎልማሳውም በዚያ ሰበብ ገብቶ የሚያያት ምዕራፍ እንዳለ ወደቀ፤ በምትኩ አልዩ አምባ ገበያ ላይ አሞሌ ጨው ሲቆጠር ተያዩ። እውነቱን ለመናገር አዲሱ ምዕራፍ ይሻላል፤ በገበያ መካከል ዓይን ለዓይን መተያየት ቤት ውስጥ ከመተያየት ይልቅ ያስፈራልና።

የዘመን አቆጣጠሩም ወጥመድ አለው። እንደ ሃሪስ ያሉት የውጭ መንገደኞች የጻፉት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ጸሐፊ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት የምኒልክ ዜና መዋዕል ደግሞ በእኛው ነው። ሁለቱን ሳያስተካክል የሚያጣምር ደራሲ ሳያስበው ጀግናዪቱን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጃታል። ሃሪስን በተመለከተ፣ ዓይኑ ያየውን ነገር እቀበለዋለሁ፤ ፍርዱን ግን አልቀበለውም። ስለ አንኮበር ግቢ ብዙ ይነግረናል፤ ጓዳ ውስጥ እህል ስለምትፈጭ ሴት ግን የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው፤ የእኔ ታሪክ ደግሞ ግማሹ የሚካሄደው ጓዳ ውስጥ ነው።

«ለዚህ ሥራ የታሪክ ዲግሪ ያስፈልጋል።»

አያስፈልግም፤ ትጋት ግን ያስፈልጋል። በዚህ ዘርፍ ስሟ የገነነው እንግሊዛዊት ጆርጄት ሄየር ዩኒቨርሲቲ አልገባችም። እ.ኤ.አ. በ1921 የታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ የተጀመረው የታመመ ወንድሟን ለማጫወት ነው፤ በ1974 ስትሞት ግን ከ1000 በላይ የታሪክ መጻሕፍት ነበሯት።

«የፍቅር ልብ ወለድ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው።»

የልብ ወለድ ቅርጽ ከውጭ መጥቷል ቢባል አልከራከርም። ይሁን እንጂ በመርሐ ቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ባሳተሙት ልብ ወለድ የሁለት ሰዎችን ጋብቻ በርእሱ ላይ አውጥተዋል፤ የተጉለቱ ተወላጅ ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸውም ታሪክን ለልብ ወለድና ለተውኔት ተጠቅመውበታል። እኔን ግን ከሁሉም በላይ የቀረጸኝ የሠርግ ዘፈንና የወፍጮ እንጉርጉሮ ነው።

«ደራሲ የሚጽፈው መንፈስ ሲመጣለት ነው፤ ከመጽሐፉም ይከብራል።»

ቀን ቀን ሌላ እንጀራ አለኝ። የምጽፈው ከንጋቱ በፊት ሲሆን የደብረ ብርሃንን የጥቅምት ብርድ የሚያውቅ ሰው ምን ያህል መንፈስ እንደሚመጣ ይረዳል። የማተሚያውን ዋጋ የምከፍለው ራሴ ነኝ፤ መጽሐፉ ወጪውን ከመለሰ ጥሩ ዓመት ነው እላለሁ። ከሥራው ሰፊውን ጊዜ የሚወስደው ጽሕፈቱ ሳይሆን እግሬ ነው። ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር የሚወስደውን ዳገት የወጣሁት ፍቅረኞቹ እዚያ ሲወጡ የሚነጋገሩትን ለማረም ነበር፤ ሁለት ገጽ ሙሉ አነጋግሬያቸው ነበርና። ዳገቱ መካከል ላይ ስደርስ እኔ ራሴ መተንፈስ አቃተኝ፤ ንግግሩ ሦስት ቃል ሆኖ ቀረ።

«ዘመኑ እንዲመስል ጥንታዊ ቃል ማብዛት ነው።»

ግእዝ ቀመስ ቃል የታጨቀበት የፍቅር ንግግር ስብከት ይመስላል። ዘመኑን የሚያሳየው ይልቅ ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ ነው። «እርስዎ» በገጠሩ ሰው አፍ ብዙም አይገባም፤ ታላቅ የሚከበረው በ«አንቱ» ነው፤ ሚስትም ባሏን አንቱ የምትልባቸው ቤቶች ነበሩ። «እወድሃለሁ» የሚለው ቃል ደግሞ በአደባባይ የሚጣል ቃል አይደለም፤ ሰው ፍቅሩን በዘፈን፣ በሰምና ወርቅ ወይም በስድብ ይሸፍነዋል። ለአማርኛ ደራሲ ከአንቱ ወደ አንተ መሻገር ሌላው ጸሐፊ በመሳሳም የሚፈልገውን ሁሉ ይሰጠዋል። አሁን በያዝኩት መጽሐፍ ልጅቱ ሰውየውን ለ11 ምዕራፍ አንቱ ትለዋለች። በ12ኛው፣ ማታ ለእራት እጁን ስታስታጥበው፣ «እጅህን ወዲህ አድርግ» ትለዋለች፤ እሱም በቅሉ ያለው ውኃ እስኪያልቅ ድረስ እጁን አይሰበስብም።